ጀልባው ላይ የቀረነው

ወንዶቹ ወረዱ፣ ካሜራ አንግበው፣
ሽቅብ ወደ ክብራን ዳገቱን ተያይዘው።
እንግዳው ፕሮፌሰር፣ ከአምስተርዳም የመጣው፣
ዞር ብሎ አየኝና እጁን አወጣው
ከኪሱ፤ ይቅርታ ሊለኝ ነው መሰለኝ፤
የፀሐይ መነጽሩን «ያዥልኝ» ብሎ ሰጠኝ።

እኔ ከጀልባው ላይ፣ ከለስላሳ ሣጥን ላይ፣
ጃንጥላ ዘረጋሁ፣ ከለላ ከፀሐይ፤
ባህር ዳር ገበያ በቅናሽ የገዛሁት፣
አንዱ ዘንግ ተሰብሮ በክር ያሰርኩት።
ጭኔ ላይ ወረቀት፤ ነገ የማስተምረው፤
«ሃይማኖትና ሕግ በምዕራብ አገር» ነው
ርእሱ፤ በቀይ ቀለም ሁለቴ ተሰምሯል፤
ከሥሩ ግን ገና ብዙ ባዶ ቀርቷል።

ይማም ባለጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ፣
ወለል ላይ ያቆረ ውኃ በጣሳ ቀድቶ
ለጣና ይመልሳል የጣናን። ጠየቀኝ፦
«ምን ትጽፊያለሽ ልጄ?» ሲል ደስ አለኝ፤
ተማሪዎቼ እንኳ እንዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም።

«ስለ ፈረንጅ ሕግ፤ ቤተ ክህነታቸው
ከፓርላማው ገብታ ምን እንደምትላቸው።»

«ትገባለች እንዴ?»
                «ትገባለች እንጂ።
እንግሊዝ አገር ጳጳስ አለ ከሕግ አውጪ
ምክር ቤት፤ በቀሚሱ ቁጭ ብሎ ይመክራል፤
ጀርመን አገር እሑድ ሱቁ ይዘጋል፣
ሕጉ ነው ያዘዘው፤ ደግሞ ከደሞዙ
ያባልነት ግብር ይቆረጣል ምእመኑ ከወዙ።
ፈረንሳይ ግን የለም፤ ቆርጣ ጥላዋለች፤
ሕግ ከመቅደስ ይራቅ ብላ ጽፋዋለች፤
ለዚህ ስትል ልጅት ሻሽ አስራ ከመጣች
ከመንግሥት ትምህርት ቤት ደጅ ትመለሳለች።»

ይማም ጣሳውን ያዘ፤
«ልጅቱ ምን አለች?»

ወረቀቴን አገላበጥኩ።
የአዋጁ ዓመት አለ፣ ድምፁም ተቆጥሮ አለ፣
ስንት እጅ እንደ ወጣ፣ ስንቱ እንዳልወጣ አለ፤
ልጅቱ የለችም።

«እኔ ሕግ አላውቅም፤ ብቻ እንዲህ ነው የኛ፤
ደንገል አጫጅ ነን፣ ታንኳ ሠሪ፣ ዋናተኛ፤
አያታችሁ ጉማሬ በልቷል ብለው
በኛ ዋንጫ አይጠጣም ጎረቤት የሆነው።
እስላም ነን ብንላቸው እስላሞቹ ዝም አሉን፣
ክርስቲያኖቹም እንደ ደንገሉ አለፉን።
ተነቦ አልሰማሁም አዋጅ በጋዜጣ፤
ለኔ ግን ብርጭቆው ለብቻው ነው የሚመጣ።»

አንቀጽ አሥራ አንድን በቃሌ አውቀዋለሁ፤
መንግሥትና ሃይማኖት ለየቅል ናቸው እላለሁ
በየዓመቱ ጥቅምት። ታዲያ ይህን ዳገት
በየትኛው አንቀጽ ከለከሉኝ መውጣት?
ማንም አልጻፈልኝ፤ እናቴ ናት የነገረችኝ፤
በስለት ነው ደግሞ እኔን የወለደችኝ፤
ለዚሁ ለክብራን፣ ለገብርኤል ደጅ፣
ባለ ወርቅ ዘቦ ጥላ ላከች በአጎቴ እጅ።
ጥላው እላይ አለ፤ አላየሁት እስከ ዛሬ።
እወደዋለሁ ገብርኤልን፤ ይህ ነው ችግሬ።

ፀሐይዋ በረታች። ከቢጫው ጀሪካን
ይማም ውኃ ቀዳ በራሱ ኩባያ፤
«እንኪ» አለኝ።

እጄ ዘገየ።

ጥቂት ነው፤ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ፤
የትም አገር ዳኛ የማይሰጥ
ብይን። ከዚያ ጠጣሁ።
ውኃው ለብ ያለ ነው፤ ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

ወንዶቹ ተመለሱ ላባቸውን እየጠረጉ።
ፕሮፌሰሩ ደስታው አፉን አስሮታል፦
«ብራና! አንዱ የሕግ መጽሐፍ ነው አሉኝ፤
ከታቦቱ ጋራ አንድ ጣሪያ ሥር ይኖራል!
በኛ አገር ይህ ሁሉ ካለፈ ቆይቷል።»
መነጽሩን ሰጠሁት።

ባዶው ቦታ ላይ የይማምን ጥያቄ ጻፍኩ፤
ከሥሩ ሌላ መስመር ጀምሬ ሰረዝኩ።
ይማም ከጠርዙ ጎንበስ ብሎ ኩባያውን አጠበ፤
ጥሩ አድርጎ አጠበ።
እጄን አይቷል፤ ምንም አላለም።
ገመዱን ሁለቴ ሳበ፤
በሦስተኛው ሞተሩ ተነሣ።